ከሞጣ እስከ ጣና ዳር፣ ሁለት ወንበር ባላት አውሮፕላን

ከብቸና የተነሣሁት ረቡዕ ማለዳ ነው፤ ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። የሄድኩበት ጉዳይ አጭር ነው። የልጄ ልጅ ማኅደር አውሮፕላን ታበራለች፣ የሚሳፈርላት ሰው ጠፋ፣ እኔ ተገኘሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሞጣ ከተማ ዳር፣ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረ ሜዳ አለ። እዚያ ጡረታ የወጡ አንድ ካፒቴን በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን አስቀምጠው ወጣቶችን ማብረር ያስተምራሉ። ማኅደር የቢሮ ሥራዋን ትታ ሁለት ዓመት ከእርሳቸው ጋር ከረመች። ብቻዋን እንድትበር ከፈቀዱላት ቆይተዋል፤ ሰው አሳፍራ እንድትበር ግን ገና አላመኑባትም። አሁን የመጨረሻውን ፈተና ሰጧት። ከሞጣ ትነሣለች፣ አንድ ሰው ታሳፍራለች፣ ጣና ዳር ባለች አንዲት አጭር የሣር ሜዳ ላይ ታርፋለች። ካለፈች ሰው የሚሳፈርባት አብራሪ ሆነች ማለት ነው። ካልሆነላት ደግሞ አባቷ የሰጣት ጊዜ ከዚህ ፋሲካ ስለማያልፍ ወደ ቢሮዋ፣ ወደ ማኅተሟ ትመለሳለች።

ካፒቴኑ ራሳቸው ለምን አይሳፈሩም ብዬ ጠይቄ ነበር። እርሳቸው አጠገቧ ከተቀመጡ እጃቸው እየቀደማት እንደሚያስቸግር፣ ምንም የማያውቅ ሰው እንደሚሻል ተናግረዋል አሉ። ምንም የማያውቅ ሰው ከተፈለገ ቤተሰባችን ሙሉ ነው። ዳሩ ግን እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ "ወለድኳት እንጂ አልሳፈርባትም" አለች። አጎቷ ወገቡን አመመው። የአክስቷ ባል ሐሙስ ሠርግ አለብኝ አለ፤ የማን ሠርግ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አልሰማንም።

የእኔ እግር እንደሆነ ቤት አይወድም። ከዚህ በፊት የጻፍኳቸውን ያነበባችሁ እንደምታውቁት ገዳም ለገዳም፣ ዘመድ ለዘመድ ስዞር ነው ያረጀሁት። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠሩኝ ቤታችን ቁራሽ ሊለምኑ ይመጡ የነበሩ የቅኔ ተማሪዎች ናቸው፤ በአንድ ቁራሽ አንድ ፊደል። ስለዚህ የፊደል ስሕተት ያገኛችሁ እንደሆነ ያን ቀን ቁራሹ አልቆ ነበር ማለት ነው።

ደግሞ ከመነሣቴ በፊት አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ያቺ የጣና ዳር ሜዳ ያለችበት ቀበሌ አበልጄ ሙሉዬ ትኖራለች። የብቸና ልጅ ናት፤ ተድራ ነው ወደዚያ የሄደችው፤ የበኩር ልጇን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሰው እንዴት አበልጁ ደጅ ላይ ሳይናገር ይወርዳል? ደወልኩና ሐሙስ በአውሮፕላን እመጣለሁ አልኳት። የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ከብቸና ወደ ሞጣ

አውቶቡሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ለአበልጄ አንድ አውራ ዶሮና አንድ ቅል ማር፣ ለራሴ አንድ ጋቢ ይዣለሁ። ረዳቱ ዶሮውን ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲል ጭኔ ላይ አርጌ ያዝኩት።

አጠገቤ የተቀመጠው ከደቡብ አገር ተመድቦ የመጣ ነርስ ነው፤ በጁቤ ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት ሠርቶ አሁን ወደ ሞጣ ተዛውሯል። ትሑት ልጅ ነው። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ወደ ጣና አልኩት። ከሞጣ ወዲያ በምን እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ በአውሮፕላን አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ከጉዳዩ የራቀ የሚመስል ነገር አነሣ።

"እማማ፣ ደም ግፊትዎን ተለክተው ያውቃሉ?"

አውቃለሁ አልኩት። ራስዎን ያዞርዎታል ወይ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው አለኝ። ሁሉንም መለስኩ። የልጄ ልጅ እንደምታበረኝ ስነግረው ግን ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ብርቱካን ሰጠኝና እስከ ሞጣ ድረስ እንደ ታማሚ ሲጠብቀኝ ሄደ።

መንገዱ አንድ ቦታ ልስልስ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ጠጠሩ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ግራና ቀኙ የታጨደ የጤፍ ማሳ ነው፤ የጭድ ክምሩ ቤት ቤት ያህላል። ጉንደ ወይን ስንደርስ ከዓባይ ገደል በኩል ሞቅ ያለ አየር መጣብን። ሾፌሩ ምሳ ሲበላ እኛ ሻይ ጠጣን፤ ብርጭቆው አሥራ አምስት ብር ገብቷል፣ ብርጭቆው ራሱም ወፍሮ ሻይ የሚይዝበት ቦታ ጠቧል። ሞጣ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነርሱ ወርዶ ከማኅደር ጋር አገናኘኝና፣ እውነት አውሮፕላን ታበሪያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። ያን ጊዜ ብርቱካኑን መልሼ ልሰጠው ፈልጌ ነበር፤ ግን በልቼ ጨርሼዋለሁ።

ሞጣ፣ ረቡዕ ሳይመሽ

ካፒቴኑ ቀጭን፣ ኮፍያ የማያወልቁ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ማታውኑ በመኪና ወደ ጣና ሄደው ሜዳው ዳር ሊጠብቁን ተነሥተው ነበር። ከመሄዳቸው በፊት መሬት ላይ በእንጨት ሣሉልን። ሜዳይቱ አንዱ ጫፏ ውኃ ነው፤ ሌላው ጫፏ ቋጥኝ ነው። በውኃው በኩል ዝቅ ብሎ ገብቶ፣ ቋጥኙ ጋ ሳይደርሱ መቆም ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር የጎን ነፋስ ይነሣል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት መድረስ አለባችሁ አሉ።

"ከብት የሚያስወጣ ጠባቂ አለኝ" አሉ ቀጥለው። "ከእሱ በቀር ማንም አይወቅ። ሕዝብ ከወጣ ሜዳው ሜዳ አይሆንም።"

ማኅደር እሺ አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ለአንዲት ሴት መንገር ለሕዝብ መንገር ነው አይባልም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ይቺ አውሮፕላን ክብደት ትጠየፋለች። ማኅደር ከእህል ነጋዴ ትልቅ ሚዛን ተውሳ አምጥታ ሜዳው ላይ አቆመችልኝ። ዕድሜ ዘመኔን በሚዛን ፊት የቆምኩት ጤፍ ልሸጥ ነው፤ ራሴ ስወጣበት የመጀመሪያዬ ነው። ለማየት የተሰበሰቡት ሁለት ነጋዴዎች እኔ ምን ያህል ኩንታል እንደምሆን ሲከራከሩ ሰማሁ፤ አንደኛው ከነጆንያዋ ነው አለ።

ከነዕቃዬ በዛሁ። ማኅደር ከሦስቱ አንዱ ይቀራል አለችኝ። ጋቢው ከቀረ ይበርደኛል፣ ማሩ ለአበልጅ ነው፣ ዶሮውም ለአበልጅ ነው። ትንሽ አሰብኩና ማር አይጮህም ብዬ ዶሮውን ለመጠለያው ዘበኛ ተውኩለት። ዘበኛው እስክንመለስ እጠብቀዋለሁ አለ፤ ዓይኑ ግን ወጥ ወጥ እያለ ነበር።

አውሮፕላኗ ከባጃጅ ትንሽ ትሰፋለች። ክንፏን ጫን ስላት እንደ ቆርቆሮ ተንኳኳች። በቀኝ ወንበር ተቀመጥኩ፤ ቀበቶ አሰረችልኝ፤ በነጠላዬ ላይ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ደፋችልኝ። ከዚያ ድምፅዋ በጆሮዬ ውስጥ መጣ፦

"እምዬ፣ ይሰማዎታል?"

ይሰማኛል አልኩ። ከፊቴ ያለው ዘንግ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። አውሮፕላኗን የሚያዞረው እሱ ነው፣ እኔም ጋ አለ እርስዎም ጋ አለ፣ እንዳይነኩት አለችኝ። የቄስ መቋሚያ ያህል ፈራሁት።

ሜዳው ላይ ስትንደረደር አጥንቴ ሁሉ ስሙን ጠራ። ከዚያ ድንገት መንገጫገጩ ቆመ። ተበላሸች ብዬ ነበር፤ ለካ መሬቱን ለቀናል።

ከሞጣ በላይ

የሞጣ ጣሪያዎች ቆርቆሮ ብቻ ሆነው በጠዋት ፀሐይ አብረቀረቁ። ጮቄ በስተኋላችን ጉም ተከናንቦ ተቀምጧል። ማሳው እንደ ተጣጣፈ ቡልኮ ነው። በስተቀኝ የዓባይ ሸለቆ መሬቱን ሰንጥቆ ይታያል፤ በእግሬ ወርጄ የወጣሁት ቁልቁለት ከላይ ሲታይ የድስት ስንጥቅ ያህላል። ያን ጊዜ ጉልበቴ ስንት እንዳለቀሰ አስታውሼ ተናደድኩ።

ችግሬ ሌላ ነበር። እኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲታለፍ ይማተባል። በእግር ከሆነ በአንድ ቀን መንገድ ሦስት አራት ደጅ ነው። በሰማይ ግን የትም ብትዞሩ ዛፍ ነው፣ ዛፉ መካከል ጉልላት ነው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፣ በግራም በቀኝም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ክንዴ ዛለ።

"እምዬ፣ ክርንዎ መሪውን እየመታብኝ ነው" አለች ማኅደር። አውሮፕላኗ በየቤተ ክርስቲያኑ እጅ የምትነሣ የመሰለኝ ለካ በእኔ ክርን ነው።

ምን ላድርግ፣ ማንን መርጬ ማንን ልተው አልኳት። አንድ ጊዜ ለሁሉም ያማትቡና እጅዎን ያሳርፉ አለችኝ። እንደዚያ አደረግሁ። ወደ መሬት ስመለስ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው፣ ለአየር የተሠራ ቀኖና አላየሁም ብለውኛል።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ከሜዳይቱ በላይ

ጣና ታየ። መጀመሪያ ሰማዩ ወደ ታች የወረደ መሰለኝ። ዳሩ ላይ ደንገል በቅሏል፣ ሁለት ታንኳዎች እንደ ባቄላ ገለባ ተንሳፍፈዋል። ማኅደር ሜዳይቱን አሳየችኝ። ከውኃው ጀምራ እስከ ቋጥኙ የተዘረጋች ቀበቶ የምታህል ናት። ቀበቶዋ መካከል ላይ ደግሞ እንደ ዘለበት የተቀመጠ ነጭ ነገር አለ።

"ያ ነጩ ምንድን ነው?" አለች።

እኔ ከእሷ ቀድሜ አውቄዋለሁ። የዕድር ድንኳን ነው አልኳት።

"ማን ሞቶ?"

"ማንም አልሞተ። ለእኛ ነው።"

ዞራ አየችኝ። ለአበልጄ መንገሬን ያን ጊዜ ተናዘዝኩ፤ መናዘዣ ቦታ አልመረጥኩም።

እስቲ እንዲያዩንና እንዲበተኑ ዝቅ ብዬ ልለፍ አለችና ከሰዉ ራስ በላይ ሄድን። ሰዉማ አየን። እልልታው በሞተሩ ውስጥ ባይሰማም አፋቸው ሁሉ ተከፍቶ ይታያል። ነጠላ ይወዛወዛል፣ ባርኔጣ ይወረወራል። አንድ ቄስ ጥላቸውን ዘርግተው ሜዳው መካከል ቆመው በመስቀል ይባርኩናል። ዞረን ሁለተኛ ስናልፍ የቀረውም ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ደረሰ። ዝቅ ባልን ቁጥር አክብረን ሰላምታ የሰጠናቸው እየመሰላቸው ነው።

ማኅደር ወደ ሐይቁ አዙራ ሰዓቷንም የነዳጁን መርፌም አየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን አልጨመርኩም አልቀነስኩም፦

"ሁለት ዙር እጠብቃለሁ። ካልተነሣ ወደ ሞጣ እመለሳለሁ።"

"ፈተናውስ?"

"ይቅር።"

ፊቷን አየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችበትን ነገር አንድ ቃል ብላ ዘጋችው፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኗል። ይህን ያደረግሁ እኔ ነኝ። ስልኬን ከጉያዬ አወጣሁና በማዳመጫው ሥር ሸጉጬ ለአበልጄ ደወልኩ።

የመጀመሪያው ዙር

ሙሉዬ አነሣችው። እንዴት አደርሽ አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ አልኳት። ልጆቹ እንዴት ናቸው አለች፤ ደህና ናቸው፣ ያንቺዎቹስ አልኩ። ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ያ ጉልበትሽስ? እዚህ ላይ ፍረዱኝ። እኔና ሙሉዬ ሠላሳ ዓመት ሰላምታ ሳንጨርስ ጉዳይ አንሥተን አናውቅም። አንድ ጊዜ እህቷ ሰላምታ አቋርጣ ብትናገራት፣ ምን አስቀየምኳት ብላ ሽማግሌ ልካለች። ስለዚህ ጥያቄው ሲመጣ አፌ በራሱ ይመልሳል። የክርስትና ልጄ ሚስት እንደ ወለደች ሰማሁ፣ ወንድ ነው፣ እሰየው አልኩ። ስለ ዝናቡ ስትጠይቀኝ ማኅደር ግራ ክንዴን ጨመቀችው። ቀና ብል አንደኛው ዙር አልቆ ድንኳኑ እንደገና ከፊታችን ነው።

"ንገሪያት እንጂ! ምን ታወሪያለሽ?"

ከተወለደች ጀምራ አንቱ ስትለኝ ያደገች ልጅ ናት። ሰማይ ላይ አንቺ አለችኝ።

ሁለተኛው ዙር

"ሙሉዬ፣ ድንኳኑን ከሜዳው አንሡልን" አልኳት።

"ምን አጠፋን?" አለች፤ ድምፅዋ ወዲያው ተቀየረ።

"ምንም አላጠፋችሁ። አውሮፕላኗ መሬት ነክታ ትሮጣለች። የምትሮጥበት ላይ ነው የተከላችሁት።"

"ትሩጥ እንጂ። ድንኳኑ ጋ ስትደርስ ትቆማለቻ።"

"አትቆምም።"

"ልጓም የላትም እንዴ?"

እንዳላት፣ ግን ረጅም መሬት እንደሚያስፈልጋት ነገርኳት። ሙሉዬ አሰበች። እንግዳ ሳይገባበት ድንኳን መንቀል ሟርት ነው፣ ሰዉ ምን ይላል፣ ቄሱስ ምን ይላሉ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምል።

"በሞቴ ሙሉዬ" አልኳት። ዕድሜ ልኬን ይህን ቃል የተናገርኩት ጠግቤያለሁ ላለ ሰው ጉርሻ ይዤ ነው።

ስልኩን ከአፏ አራቀችና "ኧረ ልጆቹ ሊያልቁብን ነው!" ስትል ሰማኋት፤ ከልጆቹ አንዷ እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ለመንገር ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ድንኳኑ አልተነቀለም። ተነሥቶ ሄደ። በየምሰሶው ሁለት ሁለት ሰው ገባ፣ ገመዱንም ሌሎች ያዙ፣ ድንኳኑም እንደ ቆመ፣ ሟርት ሳይነካው፣ እየተንገዳገደ ወደ ሜዳው ዳር ተራመደ። እኔ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ የሚራመድ ድንኳን አላየሁም።

ድንኳኑ ሲሄድ ሥሩ የነበረው ሜዳው ላይ ተጋልጦ ቀረ። አግዳሚ ወንበሮች፣ እንስራዎች፣ መካከል ላይ ደግሞ ባለ ኮፍያው ካፒቴን፣ ትልቅ ሰሐን ጭናቸው ላይ ተጭኖ፣ ጉንጫቸው በጉርሻ ተወጥሮ። ከማታ ጀምሮ ድንኳን እዚህ አይተከልም ሲሉ፣ መጀመሪያ ይቅመሱና ይነግሩናል ሲባሉ፣ አፋቸው ለቃል የሚሆን ቦታ አጥቶ ነው ያነጉት። ቀና ብለው አዩን። ሰሐኑን አስቀመጡና አንዱን አግዳሚ ወንበር በጀርባቸው ተሸክመው ሮጡ። ሌላውም ሰው እርሳቸውን አይቶ የሚችለውን አንሥቶ ሮጠ። ሜዳይቱ ጠራች።

ማረፍ

ከሐይቁ በኩል ዞረን ገባን። ነፋሱ ጀምሯል። ደንገሉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል፣ አውሮፕላኗም ፊቷ ወደ አንድ ወገን፣ አካሄዷ ወደ ሌላ ወገን ሆኖ እንደ ሸርጣን ወረደች። ውኃው እየቀረበ መጣ። ይብራዎች ከሥራችን ተነሡ። ማኅደር አትናገርም፤ እጇ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይላል፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ውኃው አልቆ ሣር ሆነ። አንዱ እግሯ ነካ፣ ዘለለች፣ ሌላው ነካ። ማሩ ጭኔ ላይ ተንቦጫቦጨ። ቋጥኙ እየሮጠ መጣብን። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ቆመናል፤ ከቋጥኙ ፊት ጥማድ በሬ የሚዞርበት ያህል ቦታ ቀርቷል።

ማኅደር ሞተሩን አጠፋች። የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች።

"እምዬ፣ ይቅርታ" አለችኝ። "አንቺ ብዬዎታለሁ።"

ድንኳኑ ውስጥ

ድንኳኑ በአዲሱ ቦታው ቆሞ ጠበቀን። ሙሉዬ አንገቴን አቅፋ የቀረውን ሰላምታ ጨረሰች። ቄሱ ባረኩን። አንድ ሽማግሌ እላይ ብርድ ነው ወይ አሉኝ፤ ጋቢ ያስፈልጋል አልኳቸው። ዶሮ ቀረበ፣ የጣና ዓሣ ቀረበ፣ ጠላው በሸክላ ተቀዳ። ማኅደር አውሮፕላኗን ከነፋሱ ልታስር ስትወጣ ካፒቴኑ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሕዝቡም ነገር እንዳለ ገብቶት ጆሮውን አቀና።

ማን ነው የተናገረው አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው፤ ትናንት ራሴን ስነቀንቅ ተናግሬ እንደ ነበር፣ ልጅቷ እንዳላወቀች ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ጠላቸውን ቀመሱና ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

"ድንኳኑ ባይነሣ ኖሮ ምን ልታደርግ ነበር?"

ከእኔ ቀድማ ሙሉዬ መለሰች። የጎጃም ልጅ ናት፣ ድንኳኑን በጥሳ ታርፍ ነበር እንጂ ትመለሳለች እንዴ አለች። ሰዉ ሁሉ አዎ አለ፣ አንዱ ጎልማሳ መፎከር ጀመረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቁት።

በእኛ አገር ሄዶ ተመለሰ መባል ስድብ ነው። ተመለሰ ከተባለ ልጁም የዚያ የተመለሰው ሰው ልጅ ይባላል። የልጄን ልጅ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዕጣዋን በያዙት ሰው ፊት፣ ልትመለስ ነበር ልበል? ታርፍ ነበር ብል ማንም አይመሰክርብኝም፤ ሰማይ ላይ ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ትናንት በአንድ ራስ መነቅነቅ ምን እንዳመጣሁ አይቻለሁ።

"ልትመለስ ነበር" አልኳቸው። "ሁለት ዙር ጠብቃ ወደ ሞጣ ልትመለስ ነበር። ፈተናውስ ብላት ይቅር አለችኝ።"

ፎካሪው ተቀመጠ። ሙሉዬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። እኔም ገደልኳት ብዬ ጠላዬን አስቀመጥኩ።

ካፒቴኑ ኮፍያቸውን አወለቁ። መላጣ ናቸው።

"ማረፍማ አስተምሬያታለሁ" አሉ። "መመለስን ማስተማር ነው ያቃተኝ። አብረውኝ ከጀመሩት ውስጥ የቀበርኳቸው ሁሉ የማይመለሱ ነበሩ።"

ሌላ አልተናገሩም። እጃቸውን ታጠቡ፣ አመሰገኑ፣ ወጥተው ወደ አውሮፕላኗ ሄዱ። ማኅደር ክንፉ ሥር ቆማለች። አንድ ወረቀት ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ በሩን ከፍተው በቀኝ በኩል፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጡና ቀበቷቸውን አሰሩ። ማኅደር አልገባትም። ተነሺ እንጂ፣ ነፋሱ ሳይብስ ሞጣ አድርሺኝ አሏት። ያን ጊዜ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሲንደረደሩ አየኋቸው፤ ካፒቴኑ እጆቻቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ውጭ ይመለከታሉ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ወንበሩ ሁለት ነው፤ አብራሪዋ ካለፈች ሦስተኛዋ በእግሯ ናት።

መመለስ

ሙሉዬ ዘንድ አደርኩ። ዓርብ በሚኒባስ በአዴት በኩል ሞጣ ገባሁ፤ ዘጠኝ ሰው በሚይዝበት አሥራ ስድስት ሆነን ነው፤ ማንም አልመዘነንም። ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ብቸና ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው ስለ ራሴ ነው። ስንት ጊዜ ነው ጀምሬዋለሁና ብዬ የማይሆን መንገድ የጨረስኩት? ሰው ምን ይላል ብዬ ያልዞርኩት መንገድ ስንት ነው? ካልሆነ መመለስ ድፍረት እንደሚጠይቅ ለማወቅ በዚህ ዕድሜዬ ሰማይ መውጣት አስፈልጎኛል።

ብቸና መናኸሪያ ልጄ፣ የማኅደር እናት፣ ቆማ ጠበቀችኝ። ከሐሙስ ጀምራ መጥፎ ወሬ እንዳትሰማ ስልኳን ዘግታዋለች አሉ። ከአውቶቡስ ስወርድ አየችኝና እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"በመኪና ነው የመጣሽው?" አለች። "ወደቀች በይኛ። በአውሮፕላን ሄደሽ በመኪና መጣሽ።"

ጋቢዬን አስያዝኳት።

"ካፒቴኑ ወንበሬን ወሰዱብኝ" አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መናኸሪያው መካከል ተቀምጣ አለቀሰች። ረዳቱ ሴትዮዋ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ልጇ አውሮፕላን ታበራለች አልኩት። እሱም ቀስ ብሎ ደም ግፊት ይኖርባቸዋል አለ።